«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው»፦ የአቋራጭ ታዳሚ ጥናት በልደታ

በልደታ ክፍለ ከተማ ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ ታዳሚ ሁለት ዋና መኖሪያ አለው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎትና የኮንዶሚኒየም ስብሰባ። በመጀመሪያው ዕድሜው አጭር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ችሎት መድፈርን በእስራት ስለሚቀጣ፣ ዳኛው ቀና ሲሉ ፍጡሩ ስልኩን አጥፍቶ ከአግዳሚው ጋር ይመሳሰላል።

በሁለተኛው ግን ይለመልማል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች በማኅበር እንዲደራጁ ሲደነግግ፣ ለዚህ ፍጡር ቋሚ ግጦሽ ማዘጋጀቱን ሕግ አውጪው ያሰበበት አይመስልም። ሰብሳቢው ስለ ደረጃ መብራት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ከኋላ ወንበር «ሥነ ሥርዓት!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሥነ ሥርዓት ያጓደለ የለም። ዕድል ሲሰጠው «ጥያቄ ሳይሆን አጭር አስተያየት ነው» ብሎ ይነሣና የውኃ ፓምፑን፣ ኮሪደር ላይ የታረደውን በግ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት የነበረውን ዕድር ያዳርሳል። ቤቱ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ድጋፍ ይሁን ልመና እስካሁን አልተለየም፤ እሱ ግን እንደ ድጋፍ ቆጥሮ «ሌላው» ይላል።

የዝርያው ምንጭ በላ ልበልሃ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሙግት መንገደኛው ቆሞ እንዲሰማ፣ ሲጠየቅም እንዲፈርድ ይያዝ ነበር። ዘመናዊው ፍርድ ቤት አግዳሚ ሰጥቶ አስቀመጠው፤ የጥንት ሥልጣኑ ግን ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ሥልጣኑ በሕግ አምላክ ሳይባልበት የሚሠራው አዝማሪ ቤት ብቻ ነው። «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው መሰንቆውን ሳያቆም ያለውን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ያዜምለታል። ብሩ አዝማሪው ግንባር ላይ እስከተለጠፈ ድረስ አቋራጩ ገጣሚ ነው።

ከአገር የወጣው ዝርያ ቁጥብ ነው። ግንቦት 10 ቀን 2004 በዋሽንግተን የምግብ ዋስትና ጉባኤ ላይ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ከመቀመጫው ተነሥቶ በጩኸት አቋረጣቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንገታቸውን ደፉ፤ ጋዜጠኛው ከአዳራሹ ተወሰደ፤ ቪዲዮው በዓለም ዞረ። ስለ ውኃ ፓምፕ አንድም ቃል አልተነሣም።

ለልደታው ዝርያ ማይክ መንሣት ተሞክሯል፤ ቀድሞም ማይክ አያስፈልገውም። የተሻለው ዘዴ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጎ መምረጥ ነው። ስብሰባው ሳይቋረጥ ያልቃል። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የሰብሳቢው ንግግር ሁለት መስመር፣ ያልተናገረው አስተያየት አራት ገጽ ሆኖ ይገኛል።