ካልቾ

በእኛ ሰፈር ካልቾ ኳስ አይፈልግም፤ መቀመጫ ይበቃዋል። «አንድ ካልቾ እንዳላቀምስህ!» የተባለ ልጅ ትርጉሙን ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ ይሮጣል። እርግጫ ለአህያም ለበቅሎም ይሆናል። ካልቾ ግን ጫማ ላደረገ ፍጡር የተተወ ይመስለኛል።

በባለቤቶቹ በጣልያኖች ዘንድ ቃሉ ሰፋ ያለ ኑሮ አለው። ምቱም ካልቾ ነው፣ እግር ኳሱም ካልቾ ነው። ፌዴሬሽናቸው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲመሠረት ስሙ ውስጥ የነበረው «ፉትቦል» ነበር፤ በ1909 እሱን በካልቾ አባረሩት። የእኛም ፌዴሬሽን ካልቾን ስሙ ውስጥ ቢያስገባ፣ ስብሰባው ላይ ደፍሮ የሚቀመጥ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። የጠመንጃ ሰደፍም እነሱ ዘንድ ካልቾ ይባላል። በአምስቱ ዓመት ወረራ አያቶቻችን ሁለቱንም ዓይነት ሳይቀምሱ አልቀሩም።

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ካልክስ» ነው፤ ተረከዝ ማለት። ላቲን ግን ሌላም ካልክስ አለው፤ ያኛው ኖራ ነው። እንግሊዛዊው ሀምፍሪ ዴቪ በ1808 ካልሲየምን ለይቶ ሲያወጣ ስሙን ከኖራው ወሰደ። ጣልያኖች ደግሞ ካልሲየምን በራሳቸው አፍ ሲጠሩት ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ካልቾ!

መዘዙ ለአክስቴ ተረፈ። ሚላኖ ያለችው ልጇ የአጥንት ክኒን ላከችላት። ጣልያንኛን ከጋራዥ የለቀሙት ጎረቤታችን መነጽራቸውን ሰክተው፣ ብልቃጡን ራቅ ቀረብ አድርገው አነበቡ።

«ካልቾ ነው የሚለው።»

«ምን?» አለች አክስቴ። «ጉልበቴን አመመኝ ብላት ካልቾ ትላክልኝ? ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ!»

«በቀን ሁለት ጊዜ» አሉ ጋሼ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ «ከምግብ በኋላ።»

ፍጹም ቅጣት ምትን ጣልያኖች «ካልቾ ዲ ሪጎሬ» ይሉታል፤ ሪጎሬ ጥብቅነት ነው። እኛ ሐረጉን ለሁለት ሰንጥቀን ካልቾውን ለጠብ፣ ሪጎሬውን ለኳስ አደረግነው። ክፍፍሉም ቢሆን ብዙ አልጸናም፤ ልጅ ሳለን ሪጎሬ በተሰጠ ቁጥር ካልቾው ይከተል ነበር። ጥብቅነቱማ የኳሱ ባለቤት እስኪያኮርፍ ድረስ ነው። እሱ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ «እናቴ እየጠራችኝ ነው» ካለ፣ ሪጎሬው ያኔውኑ ይሻራል።