ስኮርታ የሌላት መኪና

በእኛ ጊዜ መኪና አይመረጥም ነበር። መኪና ይመጣል፣ ሰው ይሳፈራል፤ ያልደረሰው በእግሩ ያዘግማል። ከደሴ ተነሥቶ፣ የጉጉፍቱን ብርድ ተሻግሮ፣ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም እስኪገባ 180 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ያን መንገድ በክረምት የጨረሰ ጥሩ መኪና ይባላል፤ ጭቃ ውስጥ ያደረ መጥፎ። ከዚህ ሌላ ማወዳደሪያ አናውቅም ነበር፣ አልጎደለብንምም።

አሁን ልጆቼ ለእኔና ለእናታቸው መኪና ሊገዙ ተነሥተዋል። ተባረኩ ብዬ መርቄያለሁ፤ ምርቃቱ ግን ሳይሻግት አልቀረም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እነሱ አሁንም «እያወዳደርን ነው» ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ውጭ አገር ያለችው ደግሞ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ነው ትላለች፤ ብሩን የምትልከው እሷ ስለሆነች ድምጿም በዚያው ልክ ነው። ሁለቱም ከፍ ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች ናቸው፤ ሁለቱም አምስት ሰው ይይዛሉ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። ጀርመን ነኝ የምትለዋ እንኳ ወደ እኛ አገር የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቻይና ተሠርታ ነው። ታዲያ ምን ያጣላቸዋል ብዬ የልጅ ልጄን ስልክ ተቀብዬ የላኩትን ቪዲዮ ሁሉ አየሁ። ዓይኔ ነው የፈሰሰው። አንድም ቪዲዮ ላይ ዳገት የለም፣ በግ የለም፣ ሽማግሌ የለም። የምሳፈረው እኔ ነኝ፤ «አባዬ፣ አንተ ምን ትጭናለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ገና ከጅምሩ «ራቭ ፎር ብትገዙልኝስ?» ብዬ ነበር። ቶዮታን የእኛው የወሎ ቦረናም ወግዲም ያውቀዋል፤ መካኒኩ ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ ይፈታዋል። ልጄ ሳቀብኝ። «አባዬ፣ እሱ እኮ ቀረ!» እውነቱን ነው። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አገር አይገባም አሉ፤ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር መንግሥትን አስመርሮታል። ከዚያ ቀደም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ ነበር። ሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እናም አገር ውስጥ የነበረችው አሮጊት ራቭ ፎር፣ ስንቴ ቀለም የተቀባችው፣ ስንት እጅ የዞረችው፣ ዋጋዋ አልቀመስ አለ። በዚህ አገር ከእኔ በቀር ያረጀ ሁሉ ተወዷል።

እሺ፣ በኤሌክትሪክ ይሁን። ዓባይ እኮ የሚያልፈው በእኛው በቦረና ገደል ሥር ነው። ከእግራችን ሥር ሾልኮ ወርዶ ጉባ ላይ የ5,150 ሜጋ ዋት ግድብ ያንቀሳቅሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንደ ሰዉ አጨብጭቤያለሁ። ውኃውን ያለ ቀረጥ አሳልፈን ስናበቃ መብራቱ እኛ ዘንድ ሲመጣ ያንገራግራል፤ ራት በሻማ የምንበላበት ማታ ሞልቷል። እኛ በሻማ ከበላን መኪናዋ ምን ልትበላ ነው?

ልጄ ይህንንም አስልቶ ጨርሷል። የዩዋን ፕላስ ትልቁ ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። የቤት ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ቢሰጣት ነው፤ ባዶዋን ከገባች ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ተሰክታ ውላ ታድራለች፣ ያውም መብራቱ ካልጠፋ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምጣዴስ?» የእንጀራ ምጣድ ለብቻው ከመኪናዋ የበለጠ ይስባል። ሁለቱን ባንድ ቆጣሪ ላይ መሰካት ሰፈሩን ማጨለም ነው። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪናዋ ጾም ትውላለች ማለት ነው፤ ክርክር ቢነሣ ማን እንደሚረታ ባለቤቴን የሚያውቅ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ሰው ይህ ጭንቅ አይገባውም። እዚያ ኢትዮ ቴሌኮም ሳይቀር በ2017 ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ከፍቶላቸዋል፤ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ይሞላላቸዋል።

ከዚያ ደግሞ የርቀቱ ነገር አለ። ዩዋን ፕላስ አንዴ ከተሞላች ስንት ትሄዳለች ብዬ ጠየቅሁ። ቻይናዎቹ 510 ኪሎ ሜትር ይላሉ። ይቺው መኪና፣ በዚሁ ባትሪ፣ አውሮፓ ስትደርስ 420 ትባላለች። ኪሎ ሜትሩ እዚያ ይረዝማል እንዴ? አለካካቸው ይለያያል አሉኝ፤ የቻይናው ለዘብ ያለ፣ የአውሮፓው ጠበቅ ያለ ነው። እሺ፣ የጉጉፍቱ መለኪያስ የታል? ከ3,000 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ አምስት ሰው፣ ሁለት ሙክት፣ አንድ ጆንያ ጤፍ፤ ባትሪዋ ደግሞ የብረትና የፎስፌት ዓይነት ነው፣ ብርድ አይወድም። ልጄ «አብሽር አባዬ፣ ቁልቁለቱ ላይ መልሳ ትሞላለች» ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ስትወርድ ሞተሯ ጄኔሬተር ይሆንና ፍሬን ሸራ የሚበላውን ጉልበት ለባትሪው ይመልሳል። ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ቁልቁለቱ ያለው ከዳገቱ ማዶ ነው። ወገቡ ላይ ብታልቅብኝስ? ነዳጅ ሲያልቅ አንድ ጎረምሳ በጀሪካን ይዞ ይመጣል፤ ኤሌክትሪክ በጀሪካን የሚያመጣልኝ ጎረምሳ ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። የዩዋን ፕላስ በር ላይ የላስቲክ ውኃና ወረቀት የሚከተትበት ኪስ አለ። ኪሱ ላይ ሦስት ቀያይ ክሮች ተወጥረዋል። ሥራቸው ዕቃ እንዳይወድቅ መያዝ ነው፤ በጣት ሲነኳቸው ግን ይጮሃሉ። እውነቴን ነው፣ ድምፅ ያወጣሉ! አንድ መሐንዲስ ሼንዘን ቁጭ ብሎ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ የመኪና በር ላይ ክራር ሠራ። ይህን ደግሞ ለማን ያመጡታል? ለወሎ ሰው! ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ይዞ ለኖረ አገር ባለ ሦስት ክር በር! ክራር እንኳ አምስት ስድስት ክር አላት፤ በሦስቱ የአምባሰል እኩሌታ አይወጣም። መቃኛ የለው፣ ማጥበቂያ የለው፤ በተሠራበት ቅኝት እስከ ዕለተ ሞቱ ሊጮህ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት የልጅ ልጆቼ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም እሱን ሲቀጠቅጡ ሾፌሩ መሪውን ትቶ ወርዶ ቢሄድ አልፈርድበትም። የቀረውንም የውስጥ ዕቃዋን ጂም አስመስለው ነው የሠሩት፤ የአየር መውጫው የክብደት ማንሻ ብረት ቅርጽ አለው። መሐል ላይ ያለው ስክሪን ይሽከረከራል፤ ሲያሻው ይቆማል፣ ሲያሻው ይጋደማል። እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ አንዴ ከተጋደምሁ የሚያነሣኝ እፈልጋለሁ፤ ስክሪን ይገላበጣል።

የሴት ልጄን ምርጫ ያየሁት በጥሩ ዓይን ነው፣ አላበልም። በእኔ ዕድሜ ቮልስን የማያውቅ የለም፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተር የሌላት፣ በነፋስ የምትበርድ። ይቺም አይዲ 4 ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚገፋትም የኋላ ጎማዋ ነው። ዩዋን ፕላስ የምትሄደው በፊት ጎማ ተጎትታ ነው። ቪዲዮዎቹ ይህን በአንድ ትንፋሽ ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው። ጭነት ያለው መኪና ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊቱ ጎማ ይቀልና ኮረት ላይ በባዶ ይሽከረከራል፤ የኋላው ግን ይነክሳል። የኋላ ፍሬኗም ታምቡር ነው። አዲስ አበቤዎቹ «በዚህ ዋጋ ዲስክ የላትም!» እያሉ ያሟታል። ጭቃና አቧራ በቀላሉ የማይደፍረው ፍሬን ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አይሱዙ ስንት ዓመት በምን የቆመ ይመስላቸዋል?

ግን እሷም የራሷ ዕብደት አላት። ደሴ አንድ ወዳጅ ዘንድ ቆማ ገብቼ ነካክቻታለሁ። በሾፌሩ በር ላይ ለአራት መስኮት ሁለት ቁልፍ ብቻ! የኋላውን ለመክፈት መጀመሪያ አንዲት ልሙጥ ቦታ በጣት ነክቶ «አሁን የምናገረው ስለ ኋላው ነው» ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያንኑ ቁልፍ መጫን። ባለቤቴን መኪና ያጥወለውላታል፤ መስኮት ካለች መስኮት ነው፣ ድርድር የለውም። እኔ ልሙጡን ቦታ ስፈልግ የሚሆነው ይሆናል። የድምፅ መጨመሪያውም ልሙጥ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ዕርፍ የጨበጠ ጣቴን ጣት መሆኑን አላመነውም። ስክሪኑ በቻይንኛ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ማሞቂያውን እከፍታለሁ ብሎ የሆነ ነገር ሲነካ አንዲት ሴት በቻይንኛ ተቆጣችን፣ ሁለታችንም ዝም አልን። የእግር መርገጫዎቹ ላይ ደግሞ የቴፕ ምልክት አለ፤ ማስኬጃው ላይ የማጫወቻው፣ ፍሬኑ ላይ የማቆሚያው። ፍሬን የቱ እንደሆነ በሥዕል ካልተነገረው የማያውቅ ሰው ለምን መሪ ይሰጠዋል?

የዕቃ ቦታቸውን የሚለኩት በሊትር ነው። ዩዋን ፕላስ 440፣ አይዲ 4 543 ሊትር ይላሉ። ጠላ ልንጭን ነው እንዴ? ሙክት ስንት ሊትር ነው? ያም ሆኖ የጀርመኗ መቶ ሊትር ትበልጣለች፣ ይህም ለእሷ ተቆጠረላት። ጣሪያቸው መስታወት ነው፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ጆንያ መወርወር ቀረ።

እንግዲህ ልቤ ወደ ሴት ልጄ ምርጫ አዘንብሎ ነበር፤ ስኮርታዋን እስክጠይቅ ድረስ። «ስኮርታ የላትም።» ባለክራሯስ? «እሷም የላትም።» ታዲያ ጎማ ሲፈነዳ? አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያና አንድ ትንሽ መንፊያ አብሮ ይመጣል አሉኝ። ማጣበቂያ! ሚስማር ለወጋው ይሁን፤ የእኛ ኮረት እኮ አይወጋም፣ ጎኑን ይሸረክተዋል። ጎኑ የተሸረከተ ጎማ ሙጫ ቢያጠጡት መንገድ ዳር ይጣበቅ ይሆናል እንጂ አይነዳም። አቀስታና መካነ ሰላም መካከል፣ ምሽት ላይ፣ ሙክቶቹ እየጮሁ፣ እኔ ጠርሙስ ስነቀንቅ!

ስኮርታ ለብቻ ተገዝቶ ይምጣ ብዬ የሰፈራችንን ጎሚስታ ላማክረው ሄድሁ። ልጁ ስልኩን ከፍቶ የጎማውን ቁጥር አየ፣ ፊቱ ተቀየረ። «አባባ፣ የጀርመኗ የፊት ጎማ 235 ነው፣ የኋላው 255።» እና? «አንዱ ባንዱ ቦታ አይሆንም።» ስለዚህ ሁለት ስኮርታ ሊያስፈልጋት ነው፤ አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ። ሁለት ጎማ ከነቸርኬው ሲገባበት ያ 543 ሊትር የት ይደርሳል? ሙክቶቹ ከኋላ ወንበር ከባለቤቴ ጋር ሊቀመጡ ነው። ባለክራሯ ግን አራቱም ጎማዋ 215 ነው፣ አንድ ስኮርታ ለሁሉም ይደርሳል።

ማታውኑ ለሁለቱም ልጆቼ በአንድ ላይ ድምፅ ቀድቼ ላክሁ። ውድድሩ አልቋል፣ ዩዋን ፕላስ ትሁን፤ ሦስቱን ክሮች ግን ደሴ ላይ በመቀስ አስቆርጣችሁ ላኳት። ከዚያ በፊት 215 ስኮርታ ገዝታችሁ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሳስራችሁ ስደዱልኝ፣ ክሪኩንም እንዳትረሱ። መኪናዋ ስትደርስ ትድረስ።