ኮፍያውን በስተቀኝሽ ያዢው፦ በአል ቱማማ የቃል መንገድ መምሪያዎች ላይ የተደረገ መነሻ ጥናት

የእግር ጉዞ መምሪያ መጽሐፍ የሚጻፈው መሄድ ለማይገደድ ሰው ነው። ሰሜን ተራሮችን በእግሩ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ፣ ጭላዳው የት እንደሚግጥ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ከመጽሐፍ ያነባል። አንብቦም አይበቃውም፤ ደባርቅ ላይ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይጨመርለታል፣ ጓዙን በቅሎ ትሸከምለታለች። እዚያው ዳገት ላይ ማገዶ ተሸክማ በጎኑ የምታልፈው ሴት ግን መጽሐፍ የላትም። ይህ ጥናት የሚመለከተው እሷን ነው። በትክክል ለመናገር፣ በቤት ሠራተኝነት ዶሃ የገባችውን ታናሽ እህቷን።

የጥናቱ ክልል አል ቱማማ ነው፤ ከዶሃ መሀል በስተደቡብ፣ ከሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ ያለ የቪላ ሰፈር። መልክዓ ምድሩ ባጭሩ ሜዳ ነው። የኳታር ከፍተኛ ቦታ የሚባለው ቁረይን አቡ አል በውል 103 ሜትር ሲሆን፣ ይህም የአዲስ አበባውን የንግድ ባንክ ሕንጻ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ንጽጽሩን ያመጣሁት ለመኩራራት አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው)፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

በመጽሐፍ ፋንታ በድምፅ መልእክት የሚተላለፈው የቃል መምሪያ ያለ አባት አልተወለደም። ፔሪፕለስ የሚባለውና በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ አዱሊስ ከባሕሩ 20 ስታድዮን ያህል እንደምትርቅ፣ ከአዱሊስ ቆሎዔ ሦስት ቀን፣ ከቆሎዔ አክሱም ሌላ አምስት ቀን እንደሚያስኬድ ይናገራል። ስታድዮን የርዝመት መለኪያ ነበር፤ «ስታዲየም» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። አል ቱማማም ላይ ርቀት የሚለካው በስታዲየም ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዘዴው ንቅንቅ አላለም።

ይበልጥ የሚዘመደን ግን አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለው የቬኒስ ሰው ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እያገኘ፣ ከአገራቸው በየት በየት አድርገው እንደመጡ እየጠየቀ ከአፋቸው ጻፈ፤ ክራውፎርድ የተባለ ምሁርም አሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመው። መነኩሴው ይናገራል፣ ፈረንጁ ይጽፋል። ዛሬ ጸሐፊው ከመሀል ወጥቶ ተናጋሪዋ ብቻዋን ቀርታለች፤ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ይዛ።

ናሙናው እጄ የገባው በበርበሬ ምክንያት ነው። ከአገር ቤት ስመለስ ለአክስቴ ልጅ ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ እንዳደርስ ተሰጥቶኝ ነበር። የመዳሟ፣ የአሠሪዋ፣ በር ላይ ሄዶ መገተር ስለማይሆን ባቃላው (የሰፈሩ ሱቅ) ጋ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ባቃላው የት ነው ብላት፣ እሷ ራሷ አዲስ ሳለች ጎረቤት ቪላ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ የላከችላትን ቮይስ አስተላለፈችልኝ። ቃሉን እንዳለ አቀርበዋለሁ፤

«እሺ የኔ ማር፣ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ፀሐይዋ ስትደክም ውጪ። ከበር ስትወጪ ወደ ላይ ያዢ። ግንቡን ተጠግተሽ ሂጂ፣ ጥላ አለው። ውኃዋ ጋ ስትደርሺ ጠጪ፤ ባይጠማሽም ጠጪ። ከዚያ ወደ ታች እጥፍ በዪ። ኮፍያውን በስተቀኝሽ ያዢው። ነጭ ድመት የምትተኛበት በር አለ... ቆይ መዳም ጠራችኝ።»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ይቋረጣል። ክፍል ሁለት የተላከው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፦ «እ... ድመቷን እለፊያት። ባቃላው እዚህች ጋ ነው። ሰውዬው አማርኛ አይችልም፤ ሽሮ ካልሽው ግን ያውቃል።» በሁለቱ ክፍሎች መካከል አድማጯ ድመቷ አጠገብ ቆማ ሦስት ሰዓት ትጠብቅ ወይስ አትጠብቅ የሚለው ጥያቄ ለሊቃውንት ክፍት ነው። መምሪያው በአንስታይ ጾታ መነገሩ ግን ተመራማሪውን አላሰናከለውም፤ ጥላው ለወንድም ለሴትም ያው ነው።

«ወደ ላይ» የሚለው ሐረግ ብቻውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። አዲስ አበባ ላይ ክርክር የለበትም፤ እንጦጦ ላይ ነው፣ ቦሌ ታች ነው፣ ጉልበት ይመሰክራል። ደሴም ጦሳን ቀና ብሎ ያየ ሰው ላይ የቱ እንደሆነ አይጠፋውም። አል ቱማማ ግን ውኃ ቢደፋበት የሚሄድበት አጥቶ ባለበት የሚደርቅ ምድር ነው። ሆኖም «ላይ» እና «ታች» ከተራሮቹ ተነጥለው፣ ከልጆቹ ጋር አውሮፕላን ተሳፍረው መጥተዋል። አንዱ ወገን ላይ ማለት አውሮፕላኖቹ የሚነሡበት አቅጣጫ ነው ይላል። ሌላው የለም፣ ወደ ትልቁ አስፋልት ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ልቤ የሚያደላለት፣ ላይ ማለት ወደ አገር ቤት ነው ባይ ነው፤ ችግሩ አገር ቤት በየት በኩል እንደሆነም መግባባት አለመኖሩ ነው። የአክስቴን ልጅ ጠየቅኋት።

«ላይ የትኛው ነው?»

«እንዴ! ላይ ነዋ፣ በዚህ!» አለችኝ በእጇ እያሳየችኝ። የምናወራው በስልክ ነበር።

ቀጥሎ ኮፍያው። አል ቱማማ ስታዲየም በኳታራዊው አርክቴክት በኢብራሂም ጃይዳ ሲነደፍ መልኩ ከገሕፊያ ተወሰደ፤ የአረብ አገር ወንዶችና ልጆች ከሚደፉት ጥልፍልፍ ቆብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2021 በአሚር ዋንጫ ፍጻሜ ተመረቀ። ዲሴምበር 10 ቀን 2022 ሞሮኮ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 ረትታ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተፋላሚ የሆነችው እዚህ ነው። ጎሏን ኤን ነስሪ በጭንቅላቱ አገባት፤ ኮፍያ ውስጥ በሌላ አካል ማግባት ነውር ይመስለኛል።

ስለ ኳሱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ክብነቱ ግን ለእግረኛ የጻፈ አላየሁም። ክብ ነገር ፊትና ጀርባ የለውም። ከሰሜን ብታየው ኮፍያ ነው፣ ከደቡብ ብታየው ኮፍያ ነው። «በስተቀኝሽ ያዢው» የሚለውን ትእዛዝ በታማኝነት የፈጸመ ሰው ስታዲየሙን ይዞራል እንጂ ባቃላ አይደርስም። ይህን የምለው ከንድፈ ሐሳብ ተነሥቼ አይደለም። የግንቦት ዓርብ ነበር፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ደክማለች በተባለ ጊዜ (አልደከመችም)። በርበሬውን በፌስታል አንጠልጥዬ ኮፍያውን በቀኜ ይዤ ሄድኩ። ሄድኩ። ቱታ የለበሰ ሰውዬ እየሮጠ አለፈኝ። ጥቂት ቆይቶ ያው ሰውዬ ደግሞ አለፈኝ። በመጀመሪያው ዙር ችላ ያለኝ ጥበቃ በሁለተኛው እጁን አነሣልኝ፤ በሦስተኛው አውራ ጣቱን አሳየኝ። በክብደት የምሠራ ስፖርተኛ መስዬው መሆን አለበት። የፌስታሉ ጆሮ ጣቴ ላይ የቀረጸው መስመር እስከ ማታ አልጠፋም፤ እጄን ባሸተትኩ ቁጥር ያስነጥሰኝ ነበር።

ጥበቃው በመጨረሻ አዘነልኝና ቁጥር ጠየቀኝ። እዚህ አገር በየግቢው በር ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ የሕንጻ ቁጥር፣ የዞን ቁጥር፣ የመንገድ ቁጥር ተጽፎበታል። ሦስቱን የያዘ ሰው አይጠፋም ይባላል። የቃል መምሪያው ውስጥ ግን አንድም አኃዝ የለም፤ ደግሜ ደጋግሜ አዳምጬ አረጋግጫለሁ። ይህ የእውቀት ማነስ እንዳይመስል። አዲስ አበባም የቤት ቁጥር ሞልቷል፤ እኛ ግን ዛሬም «ሰባራ ባቡር» ብለን እንቀጣጠራለን፣ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ተበላሽቶ የቆመው የእንፋሎት ባቡር ከቦታው ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ቁጥር የሚረዳው ቤቱ የራሱ ለሆነ ሰው ነው።

መምሪያው ፈጽሞ የማይሳሳትበት ምልክት ውኃዋ ናት። ከአንድ ቪላ የውጭ ግንብ ላይ የብረት ማቀዝቀዣ ተገጥሟል፤ ሁለት ቧንቧ፣ በሰንሰለት የታሰረ ጣሳ፣ ከሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሲሚንቶ። አረቦቹ ሰቢል ይሉታል፤ ባለቤቱ ለነፍሱ ብሎ ለአላፊ አግዳሚ ያቆመው ነው። ጠጥቼ ቀና ስል ከኋላዬ ሁለት የግንባታ ሠራተኞችና አንድ ዕቃ አድራሽ ተሰልፈዋል፤ ማንም ማንንም አያውቅም፣ ጣሳው ግን ተራውን ያውቃል። «ባይጠማሽም ጠጪ» የሚለው መመሪያ በሕክምናም በሥነ ጽሑፍም እንከን አይወጣለትም።

ርቀት የሚለካበት ሌላው አሃድ «እዚህች ጋ» ነው። አገር ቤት ገጠር የወረደ ሰው ይህን አሃድ ይፈራዋል፤ «እቺ ጋራ ሥር ናት» ተብሎ ጀምበር የጠለቀችበት ያውቃል። አል ቱማማ ላይ አሃዱ በጣም አጥሯል፣ ያውም እንደ ወሩ ይለዋወጣል። ጥር ላይ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ሐምሌ ላይ ከግንብ እስከ ግንብ ነው። መንግሥትም ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። እንዲሁም እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያዛል። እጄ ያለው መምሪያ የተሰናዳው ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ኢጃዛ (የዕረፍት ፈቃድ) ነው፤ ድመቷ ጋ ጊዜ አለማባከኑ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በአንጻሩ ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ መንገድ በከተማው የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ኡም አል ሰኒም መናፈሻ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በቀዝቃዛ አየር የሚነፋ የእግር መንገድ አለው፤ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዝግቧል። ሄጄበታለሁ፣ ምቹ ነው። መምሪያ አይፈልግም፤ እዚያው ጀምሮ እዚያው ያበቃልና። ከአል ቱማማ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ግን መኪና ያስፈልጋል።

ወጉ ነውና ስለ ዕፅዋትም አንድ ቃል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቱማም ከሚባል የበረሃ ተክል ነው። በሦስቱ ዙር ፈልጌ ስሙን በየሰሌዳው አገኘሁት፣ ተክሉን አላገኘሁትም። ቡገንቪላ ግን በየግንቡ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የሚገኘው ጥላ ለአንድ ሰው፣ ቀጭን ከሆነ ለአንድ ተኩል ይበቃል።

ባቃላውን ያገኘሁት አካሄዴን በመተው ነው። ኮፍያውን ድንገት ግራዬ አደረግሁት፣ ነጭ ድመቷን በር ላይ ተዘርግታ አገኘኋት፣ አለፍኳት። እውነትም እዚህች ጋ ነበር። የአክስቴ ልጅ ፌስታሉን ተቀብላ በርበሬውን በፌስታሉ ላይ አሸተተችና አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ምነው ቆየህ?» አለችኝ። ጥናት ላይ ነበርኩ አልኳት። ኢጃዛዋ ሊያልቅ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ግማሹን ስለ እናቷ ጉልበት አወራን።

በዚህ ወር ሁለተኛ እትም ወጥቷል። ከሦስተኛው ቪላ አዲስ ልጅ ገብታለችና የአክስቴ ልጅ ቮይስ ላከችላት፤ ለእኔም ቅጂ ደረሰኝ። የሚጀምረው «እሺ የኔ ማር፣ አብሽሪ፣ ቀላል ነው» ብሎ ነው። የአክስቴ ልጅ የጎጃም ልጅ ናት፤ ዶሃ ከመግባቷ በፊት «አብሽሪ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ቃሉ ከመንገዱ ጋር አብሮ ተላልፏል፤ ብራና ገልባጭ የቀደመውን እጅ ሳይቀር እንደሚገለብጠው ማለት ነው። ላይና ታች እንዳሉ ናቸው። ውኃዋም አለች። ማሻሻያ የተደረገው ሁለት ቦታ ላይ ነው።

«ድመቷ ወልዳለች፤ አምስት ሆነው በየበሩ ተበትነዋል፣ በድመት አትመሪ። ኮፍያውን በስተቀኝሽ ያዢው፣ ግን እንዳትዞሪው እቴ። አንድ ዘመዴ በርበሬ ይዞ ሦስት ጊዜ ዞሮታል።»

ተመራማሪው በጥናቱ ዕቃ ውስጥ መግባቱ በሙያው እንደ ጉድለት ይቆጠራል። እትሙ በእግር ገና አልተፈተሸም። ነሐሴ ነው።