ውዳሴ ኢያእምሮ

በአሜሪካ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው፣ በዋጋው ተስማምቶ ውሉን ከፈረመ በኋላ ገና እፎይ ሳይል፣ ከገዢው ወገን አንድ ኢንስፔክተር መሰላልና ባትሪ ይዞ ይመጣና ከጣራው እስከ ቤዝመንቱ ሲፈትሽ ውሎ ይሄዳል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም «ይህን ጠግን፣ ይህን ለውጥ፣ ይህን ደግሞ ከዋጋው ቀንስ» የሚል ዝርዝር በኤጀንቶቹ በኩል ይደርሰዋል። ይህ ቀን ለብዙ የዋህ ሻጮች የመከራ ቀን ሆኖ ስላየሁት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ቤት ለመሸጥ ላሰበ ሁሉ ስንቅ ይሆነው ዘንድ፣ ከዚህ ፈተና በሰላም የወጡትን ሰዎች ጥበብ አሳጥሬ መጻፍን ወደድሁ።

የዚህ ጥበብ ራስ ኢያእምሮ ነው። ኢያእምሮ ስል ከእናታችን ማኅፀን ይዘነው የምንወጣውን ድንቁርና ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ማንም በነፃ የሚያገኘው ስለሆነ ምስጋና አይገባውም። እኔ የማወድሰው በብዙ ጥንቃቄ ተኰትኵቶ የሚያድገውንና ሕግ ጥላ የሆነለትን አለማወቅ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ለሻጩ ሁለት መንገድ ይሰጠዋል፤ ወይ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን በቅጽ ሞልቶ ይናዘዛል፣ ወይ ስለ ቤቱ ሁኔታ ምንም ማረጋገጫ እንደማይሰጥ ፈርሞ ከኑዛዜው ይድናል። ሆኖም ሁለተኛውን መንገድ ለመረጠ እንኳ ሕጉ አንዲት እሾኽ አስቀርቶበታል፤ ገዢው በጥንቃቄ ተመልክቶ ሊደርስበት የማይችል፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ስውር ጉድለት መኖሩን ሻጩ በእርግጥ የሚያውቅ እንደ ሆነ፣ መናገር ግዴታው ነው። «የሚያውቅ እንደ ሆነ»! አስተዋይ ሻጭ ይህችን ሐረግ ካነበበ በኋላ ሌላ ምን ማንበብ ያስፈልገዋል? ስለዚህም ነው አንዳንድ ብልኅ ኤጀንቶች ለገዢው ወገን፣ «የምትፈልጉትን ጥገና ብቻ ላኩልን፤ የኢንስፔክተሩን ሪፖርት ግን አደራችሁን እንዳትልኩብን» ብለው የሚጽፉት። ያ ገዢ ውሉን አፍርሶ የሄደ እንደ ሆነ፣ በሪፖርቱ የተነበበው ሁሉ ለሚቀጥለው ገዢ የሚነገር ዕዳ ሆኖ ይቀራልና።

ቨርጂኒያ ከዚህም ትራቀቃለች። በዚያ ሻጩ ለገዢው የሚሰጠው ሕጋዊ መግለጫ በአመዛኙ የሚገልጠው፣ ባለቤቱ ስለ ቤቱ ሁኔታ ምንም እንደማያረጋግጥና ገዢው ራሱ እንዲመረምር ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ ለዝምታ ታሪፍ አውጥታለት ነበር፤ ከ2002 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝረውን ቅጽ ያላስረከበ ሻጭ በምትኩ ለገዢው 500 ዶላር ይቀንስለት ነበርና፣ እውነትን በዚህ ያህል ርካሽ ዋጋ ማስቀረት የተቻለበት ያ ወርቃማ ዘመን በማለፉ እስካሁን የሚያዝኑ አሉ። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ ዋስትናውን የሚያስቀረው የውል ቃል ዋጋ የለውም ብሎ ይደነግጋል። ምን ይደረግ፣ ገና ሥልጣኔ ያልጐበኘው ሕግ ነው።

ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ስለ እርሳስ ቀለም ያስጠይቃል፤ በቅጹ ላይ «አላውቅም» የምትል ሣጥን ስለ ተዘጋጀች በዚህ አንቆይም።

የገዢውን ዝርዝር መመለስ ግን እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሌላ። ገዢው በጭስ መውጫው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ መነሣቱን፣ የአሸንዳው መውረጃ ውኃውን ከመሠረቱ ሥር ማፍሰሱን፣ የቤዝመንቱ ግድግዳ መርጠቡን፣ በወጥ ቤቱ ገንዳ አጠገብ ያለው ሶኬት አደጋ ሲደርስ ራሱን የማያጠፋ መሆኑን፣ በመጨረሻም የመታጠቢያ ቤቱ በር አለመግጠሙን ጽፎ ልኳል እንበል። የሠለጠነ ሻጭ በሩን በደስታ ይጠግናል፤ ለሶኬቱም እጁን ይዘረጋል፤ የጣራውን ነገር «ዕድሜው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ወደ ቤዝመንቱ ግድግዳ ሲመጣ ግን ልግስናው ወሰን የለውም። ውኃው ሲደርቅ ከግድግዳው ላይ ትቶት የሄደውን ነጭ የጨው ዱቄት በሽቦ ብሩሽ አስፍቆ፣ እድፍ የሚሸፍን ቀለም ሁለት ጊዜ አስቀብቶ፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ከጥግ አቁሞ፣ ከሃንዲማኑ «የቤዝመንቱ ግድግዳ ተስተካክሏል» የሚል ደረሰኝ ይቀበላል። አሸንዳውን የነካ የለም፤ ውኃውም እንደ ቀድሞው ከመሠረቱ ሥር ይወርዳል። ቢሆንም የተጠየቀው ጥገና ነው፣ ጥገናው ደግሞ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኙ በፋይል ውስጥ ከገባ ወዲያ ስለ ግድግዳው የሚጨነቅ ሰው እምነት የጐደለው ነው።

ገዢውም ቢሆን ከዚህ ቅዳሴ የተለየ ተሰጥኦ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩን የሚያስረዝመው ጣራውን አፍቅሮ አይደለም፤ ሽያጩ በሚጠናቀቅበት በክሎዚንግ ቀን የሚቀነስለትን ክሬዲት አስቦ ነው። ስለ ጣራው የተቀነሰው ገንዘብ ሶፋና ቴሌቪዥን ሆኖ ሳሎን ሲገባ ያላየ ማን ነው? ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ገበያው በጋለ ጊዜ፣ ብዙ ገዢዎች በውድድሩ ለማሸነፍ ሲሉ የመመርመር መብታቸውን በገዛ እጃቸው እየተዉ፣ ባልተፈተሸ ቤት ላይ ከተጠየቀው በላይ ዋጋ ሲጨምሩ አይተናል። ያ ለሻጮች እውነተኛ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ጠያቂ በሌለበት፣ እንኳን ሐሰት፣ ዝምታም አላስፈለገም።

ዛሬ ግን ገዢው ከክሎዚንጉ በፊት ቤቱን ዞሮ የሚያይበት የመጨረሻ ጉብኝት አለና፣ ሻጩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእርጥበቱን ማሽን ሌት ተቀን እንዳያጠፋ፣ ባልዲውንም በጊዜው እንዲደፋ እመክረዋለሁ። ፊርማው ካለቀ በኋላ ማሽኑን ትቶ እንዳይሄድ ደግሞ አደራ፤ ከግድግዳው ጋር ያልተያያዘና በውሉ ያልተጠቀሰ ስለሆነ የሻጩ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፣ የሚቀጥለውም ቤቱ ቤዝመንት ሳይኖረው አይቀርም።