ሽማግሌ ያልተላከበት ጠብ

እናቴ የሰው ቤት ጠብ እየሰሙ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። በሰፈራችን ባልና ሚስት ቢኳረፉ፥ ወንድማማቾች በአጥር ቢካሰሱ፥ አከራይና ተከራይ በውኃ ሒሳብ ቢጨቃጨቁ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ሳይደርሱ የቀሩበት ቤት መኖሩን አላስታውስም። እንግዲህ እኒህ ሴት ዕድሜያቸው ሰባን ከተሻገረ በኋላ፥ ሊያስታርቁት ቀርቶ ደጃፉን ሊረግጡት በማይችሉት በአንድ የጃፓን ቤተሰብ ጠብ ምክንያት እንቅልፍ ማጣታቸው፥ የዚህም ሁሉ መንሥኤ እኔ የመጨረሻ ልጃቸው መሆኔ፥ ባሰብሁት ቍጥር ያሳፍረኛል፤ ማፈሬ ሳያበቃም ሳቅ ይቀድመኛል።

ቤተሰቡ የሚሺማ ቤተሰብ ይባላል። መኖሪያውም «ቴከን» በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው፤ ትርጓሜውም በጃፓንኛ «የብረት ጡጫ» ማለት ነው። ናምኮ የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን መጀመሪያ ያወጣው በ1994 ሲሆን (ጃፓኖች ፈረንጅ አለመሆናቸውን ባውቅም የጨዋታዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የቤተሰቡ ዜና መዋዕልም በየክፍሉ እየተቀጠለ እስከ ዛሬ ደርሷል። ጂንፓቺ ሄይሃቺን ወለደ፤ ሄይሃቺም ካዙያን ወለደ፤ ካዙያም ጂንን ወለደ። እስከዚህ ድረስ ማንም ካህን ቢያነበው የማያፍርበት የትውልድ ሐረግ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሄይሃቺ ልጁን ካዙያን፥ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ጥንካሬውን እፈትናለሁ ብሎ ከገደል ወረወረው። ሕፃኑም አልሞተም፤ አድጎ፥ ጡጫ ተምሮ፥ አባቱን በውድድር ረትቶ ከዚያው ገደል ወረወረው። አባትየውም በተራው ከገደሉ ወጥቶ በሁለተኛው ክፍል ልጁን እሳተ ገሞራ ውስጥ ጨመረው። በሦስተኛው ክፍል ያው ሄይሃቺ የልጅ ልጁን ጂንን ተቀብሎ አሠለጠነው፤ የፈለገውን ጭራቅ ካስጣለው በኋላም በጥይት ግንባሩን መታው። በአምስተኛው ክፍል ደግሞ የገዛ አባቱን ጂንፓቺን ከምድር በታች ቀብሮት መኖሩ ተገለጠ። በመጨረሻ በሰባተኛው ክፍል ካዙያ ሄይሃቺን ገደለና ሬሳውን ከሚንተከተክ የእሳት ፍል ውስጥ ጣለው። ይህ ሁሉ ሲሆን፥ አራት ትውልድ እርስ በርሱ ሲተላለቅ፥ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ሽማግሌ እንላክ» አላለም።

እኔ ከዚህ ቤት ጋር የተዋወቅሁት በሦስተኛው ክፍል ነው፤ እርሱም በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጣው ነው። በሰፈራችን የነበረችው ፕሌይስቴሽን ቤት በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ስትሆን፥ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቷ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ጌታዋም መላ የበዛበት ጐልማሳ ነበር። ማሽኑ ከማርጀቱ የተነሣ ዲስክ ማንበብ እንቢ ባለ ጊዜ ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል፤ ያን ጊዜ ያነባል። ዲስኩ የተጫረ እንደ ሆነ እስትንፋሱን እፍ ብሎበት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል፤ እኛም በግራና በቀኝ ቆመን፥ ጥቁሩ የቴሌቪዥን መስኮት እስኪበራ ድረስ፥ ቅዳሴ ላይ እንዳለን ሁሉ ጸጥ እንላለን። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፥ ያሸነፈ ይቀመጣል። ስማቸውን መጥራት የተቸገርንባቸውን ተጋዳዮች በራሳችን ቋንቋ ሰይመናቸው ነበር፤ ሁዋራንግን «ቴኳንዶው»፥ የጃጓር ጭንብል የሚያደርገውን ኪንግን «ነብሩ»፥ ዮሺሚትሱን «ባለ ሰይፉ» እንላለን። ብራዚላዊው ኤዲ ግን ስሙ ቀላል ስለ ሆነ እንዲሁ ኤዲ ነበር፤ ምን ያደርጋል፥ ምንም ሳያውቅ የእግር ቍልፎቹን እንደ ከበሮ የሚደልቅ ሁሉ በኤዲ ያሸንፍ ስለ ነበር፥ እርሱን መያዝ በመካከላችን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

እኔ ጂንን ነበር የምይዘው። አንድ ቀን፥ ምን እንደ ነካሁ ሳላውቅ፥ የጂን ቡጢ በሰማያዊ መብረቅ ተጠቅልሎ ወጣና ባለጋራዬን ወደ ላይ አጐነው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እንደ ገና ላውጣው ብል እንቢ አለኝ፤ ያን ክረምት በሙሉ አውራ ጣቴ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ሞከርሁ፥ ሁለተኛ ጊዜ ግን አልመጣም። ልክ በሐሳቤ ልደርስበት ስል እናቴ በጆሮዬ ይዘው ከዚያች ክፍል አወጡኝ።

የመብረቁን ምሥጢር የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጨዋታው አንዲቱን ሴኮንድ በስድሳ ሥዕል ይከፍላታል። ተጫዋቹ በትሩን ወደ ፊት ገፍቶ፥ ለቆ፥ ወደ ታች አውርዶ፥ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ፊት በሰያፍ ባደረገባት በዚያችው ሥዕል ላይ የቀኝ እጅን ቍልፍ መንካት አለበት፤ በአንዲት ሥዕል ቢዘገይ ቡጢው ይወጣል፥ መብረቁ ግን ይቀራል። ይህን በሰማሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያሉኝ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ናቸው። እነርሱም ዕለቲቱን በስድሳ ኬክሮስ፥ ኬክሮሱን በስድሳ ካልዒት፥ ካልዒቱን በስድሳ ሣልሲት፥ ሣልሲቱን በስድሳ ራብዒት ይከፍላሉ። ቍጭ ብዬ ብደምር ብቀንስ፥ አንዲት የቴከን ሥዕል ሁለት ራብዒት ተኩል፥ ፈጣኑ የእጅ ምት የሚፈጀው ዐሥር ሥዕልም ሃያ አምስት ራብዒት ሆኖ አገኘሁት። አባቶቻችን ራብዒትን ያህል ጥቃቅን ጊዜ ለምን እንዳስፈለጋቸው ለዘመናት ሲያስደንቀኝ ኖሮ ነበር፤ አሁን ቢያንስ አንድ ጥቅም ተገኘለት።

ሰባተኛው ክፍል ለቤት ማጫወቻዎች በ2017 ወጣ፤ ስምንተኛው ይመጣል ተብሎ የታወጀው በ2022 ነበር። በመካከሉ አገባሁ፥ ሥራ ለወጥሁ፥ ፀጉሬ ሸሸ። መውጫው ዕለት ዓርብ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ጥምቀት በዋለ በስድስተኛው ቀን መሆኑ ሲታወቅ፥ ለባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት ብርቱ ጉዳይ እንዳለብኝ ነግሬ ፈቃድ ወሰድሁ። ችግሩ፥ ያለኝ ማሽን አራተኛው ፕሌይስቴሽን ነው፥ ጨዋታው ደግሞ በአራተኛው አይሠራም። አምስተኛውን ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለገና ሲመጣ በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፥ ባለቤቴ ታነባለችና። ዲስኩን የሚያመጣልኝ ሌላ መንገደኛ እስካገኝና ማሻሻያው እስኪወርድም ሌላ ብዙ ቀን አለፈ፤ በመካከሉም መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

በመጨረሻ የከፈትሁት አንድ ቅዳሜ ማታ፥ እናቴ ሊጠይቁን መጥተው ባደሩበት ሌሊት ነው። የታሪኩ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ሕንፃ እየፈረሰ፥ ካዙያና ጂን ሲፋለሙ ያሳያል። እናቴ መቍጠሪያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና ከኋላዬ ቆሙ።

«ይኼ ክንፍና ቀንድ ያለው ማነው?»

«አባቱ ነው፥ እማዬ።»

«የማን አባት?»

«የዚያ የሚመታው ልጅ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡ። እኔም በጀመርሁት ወግ ተይዤ፥ የገደሉን፥ የእሳተ ገሞራውን፥ የጥይቱን፥ ከምድር በታች የተቀበሩትን የአያትየውን አባት ሳይቀር አንድ በአንድ አወጋኋቸው። ሄይሃቺ እሳት ውስጥ ስለ መጣሉ ስነግራቸው፥ ክፉም ቢሆን አባት ነው ብለው «ነፍስ ይማር» አሉ። ካዙያ በውስጡ ርኵስ መንፈስ እንዳለበት፥ ይህም በእናቱ በኩል በዘር የመጣ እንደ ሆነ ስጨምር ግን ተቈጡ። «ምን ጊዜም ጥፋት በእናት ነው የሚላከከው! ሰይጣን ከሆነ ጠበል ነው እንጂ በቡጢ የሚወጣ መሰላቸው?» ከዚያም ጥቂት አሰቡና፥ «ሦስት ቀን ቢያስጠምቁት እኮ ያስለፈልፈው ነበር» አሉ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለጻፉት ሰዎች ይህ ሐሳብ አለመምጣቱ አሳዘነኝ።

በማግሥቱ የእኅቴ ልጅ፥ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፥ «ጋሼ፥ እኔም ልጫወት» አለች። ከሠላሳ ሁለቱ ተጋዳዮች መካከል ፓንዳዋን መረጠች፤ ታምራለች ብላ ነው። እኔ ጂንን ያዝሁ፤ በሕፃን ላይ መብረቅ ማውረድ ነውር መስሎኝም ቀስ ብዬ ጀመርሁ። ለካ ልጅቱ ሳታውቅ በጣቷ በግራ ትከሻ ያለውን ቍልፍ ነክታለች፤ ይህን አዲስ ክፍል የሠሩት ሰዎች ደግሞ ጀማሪ እንዳያዝን ብለው፥ ያ ቍልፍ ሲነካ ውስብስቡ ምት ሁሉ በአንድ ጣት እንዲወጣ አድርገዋል። እኔ በትሩን ወደ ፊት ገፍቼ፥ ለቅቄ፥ ወደ ታች ሳወርድ፥ ድቧ አየር ላይ አንሥታ እንደ ገና ኳስ ትቀልበኝ ጀመር። አራት ጊዜ ተጫወትን፥ አራቱንም ተነሣሁ። «ጋሼ፥ ድሮ ጎበዝ ነበርክ አይደል?» አለችኝ፤ የነበርክን ጠበቅ አድርጋ።

እናቴ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆነው ያያሉ። ለመሆኑ በዚህ ጨዋታ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ለራሴ መጽናኛ ጭምር የአርስላን አሽን ነገር ነገርኋቸው፤ እርሱም የፓኪስታን የላሆር ከተማ ልጅ ነው፤ እንደ እኛይቱ ክፍል ባሉ የሰፈር ማጫወቻ ቤቶች ቴከንን ተምሮ፥ በ2019 በቪዛና በጉዞ ጣጣ ተንገላትቶ ጃፓን ገባና ኢቮ የሚባለውን የጨዋታ ውድድር በባለቤቶቹ አገር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ሄዶ ደገመው፤ በስምንተኛው ክፍልም በ2024 እዚያው ላስ ቬጋስ አሸነፈ። «እናቱ በጆሮው ይዛ አላወጣችውም ማለት ነው» አልሁ። እናቴ ያልሰሙ መሰሉ።

ታሪኩን በሁለት ሳምንት ጨረስነው፤ ጨረስነው የምለው እርሳቸው ሳይመጡ እንዳልቀጥል ስለ ገዘቱኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ወደ መጨረሻው ስቃረብ እጄ ይከብደኝ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስከተለው የኖርሁት ጠብ ካለቀ ከዚያ ወዲያ የምጠብቀው ምን ይኖራል የሚል ፍርሃት ይዞኝ ነበርና። በመጨረሻ አባትና ልጅ በባዶ እጃቸው ተፋለሙ፤ ልጁ አሸነፈ፥ አልገደለውም፥ ከገደልም አልወረወረውም። እናቴ በረዥሙ ተነፈሱና «በእናቱ ወጥቷል» አሉ። የጂን እናት ጁን በእርግጥ ደግ ሴት ናት፤ ይህን ግን እኔ አልነገርኋቸውም ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ከርመን፥ መስቀል በዋለ በሳምንቱ ለጨዋታው አዲስ ተጋዳይ ተጨመረለት። እናቴ ቡና እየቀዱ ነበር፤ ፀጉሩን ከመካከል የተላጨ፥ ግራና ቀኙ እንደ ቀንድ የቆመ አንድ ሽማግሌ ሲስቅ አዩና ጀበናውን አስቀመጡ።

«ይኼስ ማነው?»

«ሄይሃቺ ነው።»

«የሞተው?»

«የሞተው።»

«ቀብሩን ያየ ሰው ነበረ?»

አሰብሁ። «አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው ነፍስ ይማር ያስባልከኝ?» አሉና ለብዙ ጊዜ ሽማግሌውን ትክ ብለው ተመለከቱት። ፊታቸው ላይ ያየሁት፥ የጎረቤት በር ሊያንኳኩ ሲነሡ የማውቀውን ያንኑ ፊት ነው። «ሞትን አይቶ የተመለሰ ሰው ልቡ ይራራል፤ መላክስ አሁን ነበር» አሉ። ከዚያም ሲኒውን እያቀበሉኝ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ያ የፓኪስታኑ ልጅ የጃፓንን ቪዛ እንዴት አድርጎ ነበር ያገኘው ያልከኝ?»