ዋይፋዩ ሙሉ፣ ኔቱ ባዶ

ኮምፒውተር ኔት እምቢ ባለ ቁጥር ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ «እኔ ጋ ይሠራል!» የሚል ሰው የሌለበት ቢሮ እስካሁን አልገጠመኝም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ የታደለ ነው የሚመስለው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ለተሰበሰበው ሰው ቪዲዮ ያሳያል፤ ቪዲዮው ሳይንተባተብ ይሄዳል፤ ኔት የጠፋባት ጸሐፊ ጥፋተኛ ሆና አንገቷን ትደፋለች። ቪዲዮው የመጣው በቢሮው ዋይፋይ ይሁን ጠዋት በተሞላው ፓኬጅ፣ የሚጠይቅ የለም። የዛሬ ስልኮች ደግሞ የተያያዙበት ዋይፋይ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ባለቤታቸውን ሳያስፈቅዱ ወደ ሞባይል ዳታ ዘወር ይላሉ። ሰውየው እንግዲህ ያረጋገጠው የቢሮውን ኔት መኖር ሳይሆን የራሱን ፓኬጅ አለማለቅ ነው። ማታ «ዛሬ ሞልቼ ዛሬ አለቀ፤ ይሄ ኔት ብር ይበላል» ብሎ የሚያማርረውም ይኸው ሰው ነው።

«የኔ ልጅ፣ ምልክቱ እኮ ሙሉ ነው» ይላሉ አለቃዋ፣ ከወንበሯ ኋላ ቆመው፣ በመነጽራቸው ሥር እያዩ።

«ሙሉ ነው ጋሼ፤ ግን ምንም አይከፍትም።»

«ሙሉ ከሆነ ታዲያ ለምን አይከፍትም?»

በዚያ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይጠየቅም። ችግሩ አለቃው የጠየቁት ሊገሥጹ እንጂ ሊያውቁ አለመሆኑ ነው። እነዚያ የዋይፋይ ቅስቶች የሚለኩት ኮምፒውተሩ ኮሪደር ላይ ከተሰቀለው ራውተር ጋር ምን ያህል እንደሚደማመጥ ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለውን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ገመድ፣ ሰፈሩን፣ ጅቡቲን፣ የባሕሩን ሥር አያውቁም። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም፤ ቧንቧው አዲስ፣ መክፈቻው የሚያብረቀርቅ፣ ውኃው ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣበት ቤት ሞልቷል። በውኃ ሲሆን ወዲያው የሚገባን ነገር በዋይፋይ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋን እንጃ።

ኔቱ በእውነት ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ዝም አይልም። «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ብሎ ጥጉ ላይ ይጽፋል። ዊንዶውስ ይህን ፍርድ ከቪስታ ዘመን፣ በፈረንጁ ከ2007 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል፤ አሠራሩም የዋህ ነው። ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ጋር በተያያዘ ቁጥር ማይክሮሶፍት ካዘጋጀው አንድ አድራሻ ትንሽ ፋይል ይጠይቃል። ፋይሏ «ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት» ከሚሉ ሦስት ቃላት በቀር ሌላ የላትም። ቃላቱ ከተመለሱ ኔት አለ፤ ካልተመለሱ የለም። የዓለም ኢንተርኔት መኖር አለመኖሩ የሚፈረደው አንድ ቤት በማንኳኳት ነው ማለት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ታዲያ ደኅንነቱን አጠብቃለሁ ሲል ያችን አድራሻ አብሮ ይዘጋና ኔቱ እየሠራ ምልክቷ «የለም» ትላለች። እንዲህ ባለው ቀን ኢሜይል ይገባል፣ ኢሜይል ይወጣል፤ ሠራተኛው ግን ምልክቷን ምስክር ቆጥሮ ኮቱን ያነሳል። ለባለጉዳይ «ሲስተም የለም»፣ ለአለቃ «ኔት የለም»፤ ሁለቱን የያዘ ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን ይጎድለዋል?

መላው ቢሮ የሚዘልለው አንድ ጥያቄ አለ፤ ኔቱ የት ድረስ መጥቶ ቀረ? ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያሻም። ኮምፒውተሩ የያዘውን የአይፒ ቁጥር ማየት ነው። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አልሰጠውም፤ ጠይቆ መልስ ቢያጣ ራሱን በራሱ የሾመበት ቁጥር ነው። (ሹመቱን ደግሞ የሚያጸድቅለት የለም።) በ192.168 ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ጋር ተዋውቀዋል፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ይፈለግ። ቀጥሎ ፒንግ አለች። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጁ 1983 በአገሩ ጦር ሠራዊት የምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ የጻፋት ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ስሟን ያወጣላት ከሶናር ድምፅ ነው፤ ልከህ መመለሱን ትጠብቃለህ። ኢንተርኔት ላይ ወዳለ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ልከህ መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። መንገዱ ክፍት ሆኖ የድረ ገጾች ስም ብቻ እምቢ ካለ፣ የታመመው ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው ዲኤንኤስ ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም ያልቃል።

ዊንዶውስም የራሱ መላ ፈላጊ አለው። አረንጓዴዋ መስመር ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ «ችግሩን መለየት አልተቻለም» የሚል መልስ ይመጣል። ከሥሩ ተጨማሪ እርዳታ ለሚፈልግ ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ መስመር አለ። ይህን የጻፈው መሐንዲስ ተረበኛ ይሁን የዋህ መወሰን አቅቶኛል።

ለማንኛውም የት ድረስ መጣ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ክብር የለውም። ሰው የሚፈልገው ምርመራ ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱም የሚታዘዘው በማዕረግ ነው። ፋይናንሱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ የወሩ ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ይሆን ብሎ ለመጠርጠር ከእሱ የቀረበ ሰው ባይኖርም፤ ክፍያው ቢያልፍ ኔቱ ይቋረጣል እንጂ ራውተሩ ዋይፋይ መርጨቱን አይተውም። የሰው ኃይሉ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። ይህ በእርግጥ አንዳንዴ ይሠራል፤ ጉዳቱም ይኸው ነው፤ አንዴ ሠርቶ ያየ ሰው በማይሠራበትም ቀን ሲነቅል ሲሰካ ይውላል። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በአገር አቀፍ ፈተና ምክንያት ኔት በመላ አገሪቱ በተዘጋ ጊዜ እንኳ ራውተር የሚነቅል አልታጣም። ተንጠልጥላ ያያት ገመድ አሳዝናው ባዶ ቀዳዳ ፈልጎ የሚሰካም ጽዱ ሰው አለ። የገመዷ ሌላኛው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቶ ከሆነ፣ መልእክቱ ክብ እየዞረ ራሱን ያበዛል፤ ፎቁ በሙሉ ተገናኝቶ፣ መብራቶቹ እንደ ሠርግ ቤት እየተርገበገቡ፣ አንዲት ገጽ የሚከፍት ይጠፋል። ሁሉም ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። የግቢው ጥበቃ ብቻ «ትናንት መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ነው» ይላሉ። ከሁሉም ወደ እውነት የቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ ማን ሰምቷቸው!

እኔ የጥበቃውን ቃል ልከተል። ማዘርቦርድ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ቀንና ሰዓት ይዛ የምታድረው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት ባገኘ ቁጥር ወደ ጥንቱ ይመለሳል። አይደብቅም፤ ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነገሩን ጽፎ «ለመቀጠል ኤፍ ዋን ይጫኑ» ይላል። ጸሐፊዋ ኤፍ ዋን ትጫናለች። ከዚያ ቀኑን በእጇ ትሞላለች። ከየት አይታ? ከግድግዳው ካሌንደር። በካሌንደሩ ላይ የእኛ ቀን በትልቁ ነው፤ የፈረንጁ ጥግ ላይ ተሸጉጧል። መስከረም 12 ቀን 2018። ሴፕቴምበርን ትመርጣለች፤ 12ን ትጽፋለች፤ 2018ን ትጽፋለች፤ ሰዓቱንም ከጠዋቱ 3 ብላ ታስገባለች። ለእኛ አንድም ስሕተት የለበትም። ኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩን በፈረንጁ ይቆጥረዋልና ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሌሊት ላይ ቁጭ ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያስቀው። የጥጓ ምልክት ኔት አለ ትላለች፤ ያች ባለ ሦስት ቃል ፋይል ቀን አትጠይቅም። ባንኩ፣ ኢሜይሉ፣ የግብሩ ገጽ ግን አንዳቸውም አይከፈቱም። የቁልፍ ምልክት ያላቸው ድረ ገጾች ሁሉ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል» የሚል የምስክር ወረቀት ይዘው ነው የሚቀርቡት። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ማሰሻዎች ከ398 ቀን በላይ የሚጸና አዲስ ወረቀት አይቀበሉም። በ2018 ላይ ለተቀመጠ ኮምፒውተር እንግዲህ ዛሬ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት ወረቀት ሁሉ ገና ያልተጻፈ ነው፤ ያልተጻፈ ወረቀት ይዞ የመጣን እንግዳ በር ላይ ማስቆሙ ደግሞ ተገቢ ነው። ክሮም እንዲያውም ምክንያቱን አልሸሸገም፤ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ጸሐፊዋ ትዘጋዋለች። አለቃው መጥተው ይዘጉታል። ቪዲዮ ያሳየው ጓደኛዋም «እስቲ ልየው» ይልና አይቶ ሳይጨርስ ይዘጋዋል። ስክሪን ላይ ጽሑፍ ሲወጣ ዓይናችን የሚሮጠው ወደ ፊደሉ ሳይሆን ጥግ ወዳለችው ኤክስ ነው። የዊንዶውስ የራሱ ሰዓት ማረሚያም ስሕተቱ በዓመታት ሲሆንበት አልነካካም ብሎ ይተወዋል።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ጠጋኙ ልጅ ይጠራል። ሱቁ ከኮምፒውተር ሬሳ የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሆዳቸው የተከፈተ ኬዞች ደጃፍ ድረስ ተደርድረዋል። ችግሩን ይነግሩታል፤ እሱ ግን መልሱን ይዞ ነው የሚያዳምጠው።

«ፎርማት ነው የሚያስፈልገው።»

«ሳታየው?»

«እህቴ፣ ይሄ የታወቀ ነው። ዊንዶው ይቀየርለት፤ ነገ ጠዋት ትወስጂዋለሽ።»

«ፋይሎቼስ?»

«ዲ ላይ ናቸው?»

ዲ ላይ አይደሉም። ዴስክቶፕ ላይ ናቸው። የአገሩ ሰው ሁሉ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚያድረው ፎርማት መጀመሪያ በሚበላው በሲ ላይ ነው። የዕረፍት መጠየቂያው፣ የደመወዝ ሠንጠረዡ፣ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ ያለ ሌላ «አዲስ ፎልደር»፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ልጁ አጭበርባሪ አይደለም፤ ይህን ሳልል አላልፍም። አምሽቶ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ይፈልጋል፤ ሲጨርስ ቀኑን ከስልኩ አይቶ ያስተካክላል። ስልኩ በፈረንጁ ነው። ገጾቹ ሁሉ ብርግድ ብለው ይከፈታሉ! ያዳነው ቀኑ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ፎርማቱ። ጸሐፊዋም በማግሥቱ ኔት እምቢ ላላት ለታችኛው ፎቅ ጓደኛዋ «ምን ያደክምሻል፤ ፎርማት አስደርጊው፤ የኔ በእሱ ነው የተሻለው» ትላታለች። እምነት እንዲህ ይስፋፋል።

ባትሪዋን ግን የነካት የለም። ዋጋዋ ከአንድ የጾም ምሳ ብዙም አይርቅም። ቅዳሜና እሑድን ሕንፃው መብራት ጠፍቶበት ሰኞ ሲመለስ፣ ኤፍ ዋን ተጫኑ፤ ካሌንደሩ ታየ፤ ባንኩ እምቢ አለ። ልጁ በስልክ ተጠየቀ። «ፎርማት ካልያዘው ሃርዱ ነው» አለ። አለቃውም ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ለሥራ አይመችም ብለው መሩበትና የግዥ ጥያቄ ተጻፈ። አሁን ለአዲስ ኮምፒውተር ሦስት ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ነው። ሁለቱ አቅራቢዎች በእጅ አምጥተዋል። ሦስተኛው በኢሜይል ልኬዋለሁ፣ ክፈቱት እያለ በየቀኑ ይደውላል።