የአቶ ጣሳ አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ጣሳ ከአባታቸው ከቲማቲም ድልህ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቆርቆሮ በባሕር ማዶ ፋብሪካ ተወለዱ። ለአቅመ ሥራ ሲደርሱ ሆዳቸው በመክፈቻ ተከፍቶ፣ ጎንደር ውስጥ አንድ ጠላ ቤት በር ላይ ከረጅም እንጨት ጫፍ በአፍ ጢማቸው ተደፍተው አገልግሎት ጀመሩ።

የሟች ሙያ አንድ ነበር፤ ጠላ ሲደርስ መውጣት፣ ሲያልቅ መውረድ። ፊደል ያልቆጠረው ገበያተኛም ዲግሪ የጫነውም እኩል ያነባቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማስታወቂያ ሆነው አንድም ቀን አልዋሹም። ዛሬ በየመንገዱ የሚብለጨለጨው ሰሌዳ «ሁሉም አለ» ይለናል፤ ገብተን ስንጠይቅ ግን «እሱ እንኳ አልቋል» እንባላለን።

ክብራቸውን የጠበቀችላቸው የቤቱ እመቤት ነበረች። አሻሮውን ቆልታ፣ ብቅሉንና ጌሾውን አስወቅጣ፣ ጋኑን በወይራ አጥና ድፍድፉ እስኪበስል ቀናት ትጠብቃለች። ስትቀዳም መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ በእንግዳው ፊት ትቀምሳለች። የጥራት ቁጥጥር ማለት ይኸው ነበር፤ ማኅተም የለው፣ ቀጠሮ የለው። መደቡ ላይ በሬ የሸጠ፣ ሙግት የረታና ሙግት የተረታ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ፤ ዕርቅም እዚያው ያልቃል።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማ ግንቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ፣ የአቶ ጣሳን ስም ያነሳ አልነበረም። ግንቡን ማን እንዳሠራው እናውቃለን፤ ግንበኛው ሲመሽ የት ጉሮሮውን እንዳራሰ የጠየቀ ግን የለም።

ሟች ባደረባቸው የድራፍት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው፣ የገብስና የጌሾ ዋጋ ተደርቦ አልጋ ያዙ። በስተመጨረሻ አንድ የባህል ምግብ ቤት ወስዶ ቀለም ቀባቸው፤ ግድግዳው ላይ ሰቅሎም ከሥራቸው ቢራ ሸጠ። ጠላ ሳይኖር ተሰቅለው ታዩ። የመጀመሪያ ውሸታቸው ነበርና መሞታቸው የታወቀው ያን ዕለት ነው።

አርባቸው ሲቃረብ ተዝካር ማውጣት ግድ ሆነ፤ ተዝካር ደግሞ ያለ ጠላ አይወጣም። የእድሩ ዳኛ ጠማቂ ፍለጋ ወደ ከተማዋ ዳር ቢወጡ፣ እንጨት ላይ የተደፋ ሌላ ጣሳ አዩ። ከዚህ የሕይወት ታሪክ ላይ «ሟች ወራሽ አልነበራቸውም» የሚለውን መስመር ሰርዘው፣ ጎንበስ ብለው ገቡና አንድ አስቀዱ።